የአባዬ የክረምት ጫማ

ሐኪሙ አባዬን «ይሩጡ» ያለው በሐምሌ ወር ነው። ጥቅምት ላይ ብሎት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ መንገዱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ የትኛውም ጫማ ያስሮጣል። የሶዶን ሐምሌ ያየ ሰው ግን ያውቀዋል። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ዝናብ ቀዩን አፈር እንደ ሊጥ ያቦካዋል። ከአስፋልቱ ወጣ ካሉ በኋላ የሚወስነው ባለ እግሩ ሳይሆን ጭቃው ነው፤ ሲፈልግ ያንሸራትታል፣ ሲፈልግ ይይዛል።

ጊዜው ወላይታ የራሱ ዞን በሆነበት ሰሞን ነበር። ከተማዋ ውስጥ በየጥጉ ፎቅ ይጀመራል፣ አዳዲስ ቢሮዎች ይከፈታሉ፣ ሰው ሁሉ ይጣደፋል። እኔ ሴት ልጁ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ገና አላገባሁም፤ የምኖረው ከአባዬና ከእማዬ ጋር ነበር። አባዬ ጨርቅ ነጋዴ ነው። አያቱ ከሰሜን መጥተው እዚህ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው ሶዶ ነው። ጠዋት ቅዳሴ ወይም ኪዳን ያደርሳል፣ ከዚያ ሱቁን ይከፍትና እስከ ምሽት ከጣቃዎቹ ኋላ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ጨርቅ ለመለካት ካልሆነ በቀር ሲነሣ አላየሁትም። ጥቁር ቆዳ ጫማው ግን ሁልጊዜ ያብረቀርቃል። «ሰው ጨርቅ ከመግዛቱ በፊት የሻጩን ጫማ ያያል» ይል ነበር።

ያን ክረምት ውሃ ጥም አላስቀምጥ አለው። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፋ። እማዬ ጸበል አጠጣችው፤ እኔ ደግሞ ለምኜው ኦቶና ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ወረቀቱን አየና «ስኳር ነው፣ አባባ» አለው።

«ኪኒኑን በሰዓቱ ይውሰዱ። ምግብዎን ይመጥኑ። ደግሞ ይንቀሳቀሱ፤ መጀመሪያ ፈጠን ብለው ይራመዱ፣ ሲለምዱት ሶምሶማ ይሩጡ። እግርዎን ግን እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁት። በባዶ እግርዎ መሬት እንዳይረግጡ። ጠባብ ጫማ አያድርጉ፣ እርጥብ ካልሲ እግርዎ ላይ አይቆይ። ስኳር እግርን ያደነዝዛል። ሲቆስል ሳይሰማዎት ይመረቅዛል፤ ከዚያ…»

አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገው። በሰፈራችን በዚሁ በሽታ አንድ እግራቸውን ያጡ ሰው ነበሩ፤ አባዬ በየበዓሉ ይጠይቃቸዋል።

«መስከረም እስኪጠባ ብንቆይስ?» አልኩት ሐኪሙን። «አይ፣ ነገ ይጀምሩ» አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ፣ «ሩጥ ይለኛል፣ እግርህን ጠብቅ ይለኛል። በዚህ ጭቃ ሁለቱ እንዴት አብረው ይሆናሉ?» አለ።

እማዬ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ነጋዴ ሲሮጥ ከሰረ፣ ሽማግሌ ሲሮጥ አበደ ነው የሚባለው! ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ቢልስ?» አለች። በማግስቱ ጠዋት ግን ከሁላችንም ቀድማ ተነሥታ በሩን የከፈተችልን እሷ ናት።

የመጀመሪያው ቀን አባዬ የወጣው በኮቱና በዚያው በሚያብረቀርቀው ቆዳ ጫማ ነበር። ሌላ ጫማ አልነበረውም። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ያለችው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ የጫማው ሶል ልሙጥ ነውና እግሩ ከሥሩ ሸሸ። ክንዴን ባይዝ ኖሮ በጀርባው ይወርድ ነበር። ሁለታችንም ተንገዳግደን ቆምን። «ይህ ጫማ ለቆመ ሰው ነው የተሠራው» አለኝ።

ቀጥሎ ሸራ ጫማ ገዛሁለት። ቀላል ነው፣ ለስላሳ ነው፣ እኔም በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ የሮጥኩት በሱ ነው። ለእኔ ከበቃ ለአባዬም ይበቃዋል ብዬ አሰብኩ። የመጀመሪያው ኩሬ ላይ ውሃው ገባበት። አባዬ ግን ያን ቀን ትንሽ ሮጥ ሮጥ አለ፤ ሳቀም። ቤት ደርሰን ጫማውን ሳወልቅለት ከውስጡ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ጠጠር ወለሉ ላይ ጠብ አለች። ካልሲውን ገፈፍኩት። ከአውራ ጣቱ ሥር ጠጠሯ የጎደጎደችው ቦታ ቀልቷል።

«አላመመህም?» አልኩት።

እግሩን እንደ ሌላ ሰው እግር አየው። «አልሰማሁትም» አለ።

እማዬ ፎጣውን ይዛ እንደቆመች ቀረች። የሐኪሙ ቃል የገባን ያን ጊዜ ነው። ቆዳው አልተላጠም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን ያን ሁሉ መንገድ ጠጠር ረግጦ መጥቶ አለማወቁ ከቁስል በላይ አስደነገጠን። እኔ ለብቻዬ ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ። አባዬ ግን ሲመሽ ጠራኝና፣ «የእኔ እግር መናገር ካቆመ አንቺ ትናገሪለታለሽ። ደህና ጫማ ፈልጊልኝ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የጫማ ነገር የቤታችን ጉዳይ ሆነ። እማዬ የገበሬ ቦቲ አመጣች፤ ውሃ አያስገባም፣ ጠጠር አያስገባም ብላ። እውነቷን ነው። ነገር ግን እግሩ ውስጡ በላብ ተቀቀለ፤ ሲሮጥም ተረከዙን ይፈገፍገዋል፣ ጓ ጓ ይላል። «ይህ ጫማ አይደለም፣ ገንዳ ነው» ብሎ መለሰላት። ቦቲው ከዚያ ወዲያ የእማዬ የጓሮ ጫማ ሆነ።

በመጨረሻ ሰልባጅ ተራ ሄድን። ሆን ብዬ ከሰዓት በኋላ ወሰድኩት፤ ቀኑን የዋለ እግር ስለሚያብጥ ጠዋት የሚበቃ ጫማ ማታ ይጠባል። ወፍራሙን ካልሲም አስደረግኩት። ሻጯ ድምፀ ጎርናና፣ ወፈር ያለች ሴት ነበረች። ጫማዎቹን ሸራ ላይ ክምር አድርጋ፣ ዝናብ ሲያካፋ በላስቲክ እየሸፈነች፣ ሲያባራ እየገለጠች ትሸጣለች።

«ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለአባቴ።»

«ለቤተ ክርስቲያን ነው?»

«ለሩጫ ነው።»

አባዬን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። «እሰይ!» አለችና በርከክ ብላ ክምሩን ትገለብጥ ጀመር።

አንዱን ጫማ እየሳብን አንዱን እየጣልን ብዙ ቆየን። ሶሉን አጥፌ አያለሁ፤ ከመሀል የሚታጠፍ ከሆነ እተወዋለሁ፣ ከጣት በኩል መታጠፍ አለበት። ጥርሱን አያለሁ፤ ያለቀ ከሆነ ያንሸራትታል፣ በጣም የተጠጋጋ ከሆነ ደግሞ ቀዩን አፈር ይጎርስና እንደ ጡብ ይከብዳል። እጄን ውስጡ ከትቼ ስፌቱን እዳስሳለሁ፤ የሚቆረቁር ነገር ቢኖር አባዬ አይነግረኝም። ከፊት አውራ ጣት የምታስገባ ክፍተት እንድትኖር እፈልጋለሁ፣ ከኋላ ደግሞ ተረከዙ እንዳይዋልል። ይህን ሁሉ ያሟላው አንድ ጫማ ብቻ ነው የተገኘው፤ ግራጫ፣ ጥርሱ ራቅ ራቅ ያለ፣ አፍንጫው ጠንከር ያለ። ችግሩ ጎኑ ላይ እንደ ብርቱካን የሚያበራ መስመር ነበረው።

አባዬ ፊቱን አዞረ። «ይህን አድርጌ በሱቄ በር ሳልፍ ደንበኞቼ ምን ይላሉ?»

«አንተ ከዚህ የሚብስ ቀለም ስንት ዓመት ሸጠህላቸዋል።»

«መሸጥና መልበስ አንድ ነው?»

ሻጯ ጣልቃ ገባች። «ጋሼ፣ ጭቃው አንድ ቀን ብቻ ይርገጡት፤ መስመሩን እርስዎም አያዩት» አለችው። አባዬ ሳቀ፤ ቁጭ ብሎም ክሩን ማሰር ጀመረ። ሲነሣ ወዲያ ወዲህ አለ፣ ቁልቁለቷ ላይም ሞከረው። «ይይዛል» አለ። ያቺን ቃል እንደ ምርቃት ነው የሰማኋት። በሳምንቱ ያቺው ሴት ሌላ ጫማ በቁጥሩ አስቀምጣ ጠበቀችን፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እንዲያደርግ። የረጠበው ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቀን ከምድጃው ራቅ አድርገን እንሰቅለዋለን። ወደ ምድጃው ጠጋ ካለ ቆዳው ይደርቅና እንደ ቅል ይሆናል።

እንዲህ ነው ሩጫው የተጀመረው። ጎህ ሲቀድ እንነሣለን። ጫማዎቹን አራግፌ፣ እጄን ከትቼ ዳስሼ እሰጠዋለሁ። አስፋልቱን ይዘን ሰውነታችንን እናሟሙቃለን፣ ከዚያ ወደ ዳሞታ ግርጌ በሚወስደው ኮረኮንች ሶምሶማ እንላለን። ጉሙ ተራራውን እስከ ወገቡ ሸፍኖታል። ከየእንሰቱ መሀል ጭስ ይወጣል። ገበሬዎቹ ሽማግሌ ሰው ሲሮጥ ባዩ ቁጥር ደንግጠው ከየደጃቸው ይወጡ ነበር፤ በእኛ አገር ትልቅ ሰው የሚሮጠው ቤት ሲቃጠል ወይም ሰው ሲሞት ነው።

«ማን ሞተ?» ይላሉ በወላይትኛ።

«ማንም አልሞተም!» እላቸዋለሁ። እኔ ቋንቋውን ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር አብሬ ነው የያዝኩት።

«ታዲያ ማን እያባረራችሁ ነው?»

አባዬ ተርጉሚልኝ ይለኛል፤ ስተረጉምለት መሮጡን ትቶ ይስቃል። የሱ ወላይትኛ የሱቅ ወላይትኛ ነበር። ሜትር ይቆጥራል፣ ዋጋ ይናገራል፣ «አይወርድም» ማለት ይችላል። ከዚያ አያልፍም።

ነሐሴ አጋማሽ አካባቢ አንድ ቀን ከወጣን በኋላ ከባድ ዝናብ ያዘን። እንመለስ ብንል ጎርፉ መንገዱን ቆርጦታል። በአንድ እንሰት ማሳ አጥር ጥግ በቀጭን መንገድ ስናልፍ የአባዬ ቀኝ እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ። ሳበው። እግሩ ወጣ፣ ጫማው ቀረ። ጭቃው ገጠመበት፣ ዝናቡ ከላይ ደፋበት፣ የት እንደገባ እንኳ ጠፋን።

«እንዳትረግጥ!» ብዬ ጮኽኩ።

አባዬ የአጥሩን እንጨት በሁለት እጁ ይዞ፣ ባለ ካልሲ እግሩን አንጠልጥሎ እንደ ሽመላ በአንድ እግሩ ቆመ። ዝናቡ በባርኔጣው ጠርዝ ይንቆረቆራል። አጥሩ ሥር የተቆረጠ ቅርንጫፍ፣ ድንጋይ፣ እሾህ አለ። ልሸከመው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ጭቃውን በእጄ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። ያን ጊዜ የያዘኝ ፍርሃት እስካሁን ይሰማኛል። አንዲት ጭረት፣ እሱ ሳይሰማው፣ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ጩኸቴን ሰምታ ከማሳው ውስጥ አንዲት ሴት ብቅ አለች፤ ራሷን በእንሰት ቅጠል ከልላለች። «ማን ሞተ?» አለች እሷም እንደ ሌሎቹ። እየተንተባተብኩ ነገርኳት፤ አባቴ በሽተኛ ነው፣ እግሩ መሬት መንካት የለበትም አልኳት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ወደ ቤት ዞራ ተጣራች። ባሏ መጣ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጸጥ ያለ ሰው። ጀርባውን ለአባዬ ሰጥቶ በርከክ አለ። አባዬ አመነታ። ዕድሜ ልኩን ሰው አስቀምጦ ሲያስተናግድ የኖረ ሰው፣ በማያውቀው ገበሬ ጀርባ ላይ መውጣት ከበደው።

«አባባ፣ ና፣ ውጣ!» አለችው ሴትዮዋ በአማርኛ። በሷ አማርኛ «እርስዎ» የሚባል ነገር አልነበረም። አባዬም እንደታዘዘ ልጅ ወጣ።

ቤታቸው ውስጥ ሙቀት ነበር። በአንድ በኩል ጥጆች ታስረዋል፣ መሀሉ ላይ እሳቱ ይነዳል። ሴትዮዋ ለብ ያለ ውሃ በገበቴ አቅርባ የአባዬን እግር ይዛ ታጥብ ጀመር። «እኔ ላጥበው» ብላት እጄን ገፋ አደረገችኝ። ከዚያ በሩ ጋ ወደ ብርሃኑ አስጠጋነውና ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ በየመሀላቸው ሳይቀር አየሁ። አንድም ጭረት አልነበረም። ካልሲው ብቻ ነው የተቀደደው። ሴትዮዋ የገዛ ነጠላዋን ጫፍ ይዛ አደረቀችለትና እግሩን በጋቢ ጠቀለለችው።

ባሏ ለካ በዚህ መሀል ዶማ ይዞ ወጥቷል። ዝናቡ እየወረደበት ጭቃውን ሲቆፍር ቆይቶ፣ ያን ግራጫ ጫማ አጥቦ ይዞት ገባ። ሚስቱ ጫማውን ከእሳቱ አጠገብ ልታደርገው ስትል አባዬና እኔ እኩል «አይ፣ አይ!» ብለን ጮኽን፤ ደነገጡ፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን።

ቦይና የሚሉት ሥራ ሥር ተቀቅሎ ነበር፤ በሚለበልብ ዳጣ አቀረቡልን። አባዬ ስለ ስኳሩ ትንሽ ብቻ ቀመሰ፤ ዳጣው ዓይኑን አስነባው። ዝናቡ ሲቀንስ እግሩን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለን ጫማውን አደረግንለትና ለመሄድ ተነሣን። አባዬ በሩ ላይ ቆመ። ሊናገር ፈለገ፣ ተወው። ወደ እኔ ዞሮ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እግዜር ይስጥልኝ በወላይትኛ ምንድን ነው የሚባለው?» አለኝ።

«ጋላታይስ» አልኩት።

«ጋላታይስ» አለ ለሰውየው። ለሴትዮዋም ደገመላት። አጠራሩን አበላሽቶት ኖሮ ሴትዮዋ አርማ አስደገመችው፤ እንደገናም አስደገመችው።

መንገድ ላይ ሰውየው እስከ አስፋልቱ ሸኘን። ከተለየን በኋላ አባዬ ሳይሮጥ፣ ቀስ ብሎ እየተራመደ፣ «እዚህ አገር ተወልጄ ሸበትኩ። ‹ስንት ነው› ማለት አውቃለሁ። አመሰግናለሁ ማለት ግን አላውቅም ነበር» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ሐዘን ነበረ፤ ደስታም ነበረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሩጫችን መመለሻ ያ ቤት ሆነ። ደጃቸው ስንደርስ አባዬ «ሳሮ!» ብሎ ሰላም ይላል፤ ሴትዮዋ ከማሳው ውስጥ ትመልስለታለች። በየቀኑ አንድ ቃል ትሰጠዋለች፤ በማግስቱ ትጠይቀዋለች። ሲሳሳት አትምረውም ነበር። መስከረም ላይ ለዘመን መለወጫቸው፣ ለጊፋታ ጠሩን፤ እማዬም አብራን ሄደች። ለሴትዮዋ ቀሚስ የሚሆን ጨርቅ አባዬ ራሱ መርጦ፣ ራሱ ለክቶ፣ ራሱ ጠቅልሎ ነው የወሰደው። እነሱም ለፋሲካ እኛ ቤት መጡ። እማዬና ሴትዮዋ በቋንቋ ሳይግባቡ ስለ ባሎቻቸው ግትርነት ሲያወሩ ዋሉ፤ እኔ ተርጓሚ ሆኜ ደከመኝ።

ሩጫው በተጀመረ በሦስተኛው ወር ይሁን በአራተኛው ወደ ኦቶና ስንመለስ ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ፈገግ አለ። አባዬን አስተኝቶ ሁለቱንም ውስጥ እግሮቹን በብርሃን አየ። «ማን ነው እንዲህ የሚጠብቅልዎ?» አለው። አባዬ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ብዙ አስተማሪ «ጎበዝ» ብሎኛል፤ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ ግን የለም።

አባዬ ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት ሮጠ። ጫማ በየጊዜው ይቀየር ነበር፤ አመራረጡን እያወቀው ስለሄደ እኋላ ላይ ሻጯና እሱ ብቻ ይከራከሩ ጀመር። ካገባሁ በኋላ እንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አብረን እንወጣ ነበር። ያረፈው በዕድሜ ብዛት፣ በበጋ፣ በአልጋው ላይ ነው፤ ሁለቱም እግሮቹ ደህና ነበሩ። ለቅሶው ላይ ባልና ሚስቱ ከዳሞታ ግርጌ ዘመዶቻቸውን አስከትለው መጡ። ሴትዮዋ በወላይትኛ ስታለቅስለት፣ ስለሱ የምትለውን ሁሉ እሱ ቢሰማ ኖሮ አስተርጓሚ ሳይፈልግ ይገባው እንደነበር አሰብኩ።

ስለዚያ ዘመን ሳስብ ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ስላወራኝ ወሬ ነው። ቤት ውስጥ አባዬ ቁጥብ ሰው ነበር። ሲሮጥ ግን፣ ትንፋሹ ቆረጥ ቆረጥ እያለ፣ ያወራ ነበር። እናቱ እንዴት ትዘፍን እንደነበር፣ እማዬን የት እንዳያት፣ በልጅነቱ ምን መሆን ይፈልግ እንደነበር የነገረኝ በነዚያ ጠዋቶች ነው። አንድ ቀን ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ የእንሰቱ ቅጠል ሁሉ ውሃ እያንጠባጠበ ሲያበራ፣ ቆመና ዙሪያውን አየ።

«ታውቂያለሽ፣ ልጄ» አለኝ፣ «ስንት ክረምት ሱቅ ውስጥ ሆኜ ዝናቡን በቆርቆሮው ጩኸት ብቻ ነበር የማውቀው። እንዲህ መሆኑን አላየሁም ነበር።»

ከዚያ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ሶምሶማውን ቀጠለ፤ እኔም ተከተልኩት።